ካርታው ካየ በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1854 የኦገስት ወር ሊያልቅ ሲል ሶሆ በተባለው የለንደን ሰፈር ኮሌራ ገባ። በብሮድ ስትሪትና በዙሪያው ባሉት መንደሮች በ10 ቀን ውስጥ ከ500 በላይ ሰው አለቀ። አቅም ያለው ቤቱን ዘግቶ ሸሸ፤ የሌለው እዚያው ቀረ። በዚያ ዘመን አብዛኛው ሐኪም በሽታው ከቆሻሻ በሚነሳ ክፉ አየር ይመጣል ባይ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን ከዓመታት በፊት ጀምሮ የሚጠረጥረው ውሃን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኖው የሟቾችን ዝርዝር ከነአድራሻቸው ተቀብሎ ቤት ለቤት እየዞረ መጠየቅ ያዘ። አብዛኞቹ የሞቱት በብሮድ ስትሪት የውሃ ፓምፕ አቅራቢያ ነበር። ይበልጥ ያስተማሩት ግን ሊሞቱ ሲገባቸው ያልሞቱት ናቸው። በሰፈሩ ውስጥ በነበረው የድሆች መጠለያ ከሚኖሩት 535 ሰዎች የሞቱት 5 ብቻ ነበሩ፤ መጠለያው የራሱ ጉድጓድ ነበረው። ከፓምፑ አለፍ ብሎ የነበረው የቢራ መጥመቂያ ሠራተኞችም ተርፈዋል፤ እነሱ የሚጠጡት ቢራ ነበር፣ ግቢያቸውም የራሱ ውሃ ነበረው። በተቃራኒው ከሶሆ ርቃ በሃምፕስቴድ የምትኖር አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት በኮሌራ ሞተች። የብሮድ ስትሪትን ውሃ ጣዕም ስለምትወድ በጋሪ ታስመጣ ነበር።

ሴፕቴምበር 7 ማታ ስኖው በሰበካው አስተዳዳሪዎች ፊት ቆሞ ያየውን ተናገረ። በማግስቱ የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። ወረርሽኙ በዚያን ጊዜ መቀዝቀዝ ጀምሮ ስለነበር እጀታው መነቀሉ ስንት ሰው እንዳዳነ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም፤ ስኖው ራሱም አልተናገረም። እያንዳንዱን ሟች በየቤቱ ደጃፍ በጥቁር መስመር የሚያሳየው ዝነኛ ካርታውም የተሣለው ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ካርታ ሁለተኛ እትም ላይ ስኖው ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር ጨመረ፤ በእግር ሲኬድ ከብሮድ ስትሪት ፓምፕና ከሌሎቹ ፓምፖች እኩል የሚርቁትን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ ውስጥ ያለ ሰው ውሃ ለመቅዳት የሚቀርበው ብሮድ ስትሪት ነው። ሞትም የሚበዛው እዚያው ውስጥ ሆነ። ዛሬ የካርታ ሶፍትዌር በአንድ ትእዛዝ የሚያወጣውን ስሌት እሱ በእጁ ሠርቶታል።

ስኖውን መጀመሪያ ላይ ያላመነው የሰፈሩ ቄስ ሄንሪ ዋይትሄድ ነገሩን ለማስተባበል ብሎ ምርመራ ጀመረ፤ ያገኘው ግን ማረጋገጫ ነው። በ40 ቁጥር ቤት የነበረች ሕፃን ከሁሉም ቀድማ ታማ ነበር። የጨርቋ እጣቢ የተደፋበት የእዳሪ ጉድጓድም ከፓምፑ ጉድጓድ አጠገብ ሆኖ ወደዚያው ሲያንጠባጥብ ተገኘ። ይህም ሆኖ የመንግሥቱ የጤና ቦርድ የስኖውን ሐሳብ አልተቀበለም። ስኖው በ1858 ሲሞት አብዛኛው ባለሙያ ገና በክፉው አየር ያምን ነበር። የሰበካው አስተዳዳሪዎችም አላመኑትም፤ ግን እጀታውን አስነቀሉ። ከዚያ ወዲህ ባሉት 170 ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ካርታውን አይተው ያመኑ ሰዎች እጃቸውን ሳያነሱ ይቀራሉ።

ከስኖው በኋላ ለ100 ዓመት ያህል በካርታ የመሥራት ዘዴው ብዙም አልተለወጠም። ቦታ መምረጥ ያለበት ባለሙያ ካርታዎችን ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ገልብጦ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረበ በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

ሮጀር ቶምሊንሰን እንግሊዝ የተወለደ፣ በብሪታንያ አየር ኃይል አብራሪ የነበረ፣ ኋላም ካናዳ የገባ የጂኦግራፊ ባለሙያ ነው። በ1960 ገደማ ኦታዋ ውስጥ በሚገኝ ስፓርታን በተባለ የአየር ቅየሳ ኩባንያ ተቀጥሮ ሳለ ከምሥራቅ አፍሪካ አንድ ሥራ መጣ፤ ኬንያ ውስጥ ሰፊ ደን የሚተከልበትን ተስማሚ ቦታ ማግኘት። ተዳፋቱ የማይበዛ፣ ዝናብ ያለው፣ መንገድና ሠራተኛ የሚቀርበው መሬት ይፈለጋል። መረጃው በየካርታው ተበትኖ አለ። ቶምሊንሰን ካርታዎቹን በእጅ መደረብ የሚጠይቀውን ገንዘብ ሲያሰላ ደንበኛው ሊከፍል ከሚችለው በላይ ሆነ። በኮምፒውተር ቢሠራስ? ያማከራቸው የኮምፒውተር ኩባንያዎች አብዛኞቹ አልፈለጉትም። የኬንያው ሥራ ቀረ፤ ጥያቄው ግን ከሰውየው ጋር ቀረ።

በ1962 ቶምሊንሰን ከኦታዋ ወደ ቶሮንቶ ሲበር ከጎኑ የተቀመጠው ሊ ፕራት የተባለ የግብርና ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ካናዳ ገበሬዎቿ በደከመ መሬት ላይ እየደኸዩ መሆናቸውን አይታ የትኛው መሬት ለምን እንደሚሆን ልትመዘግብ ተነሥታለች። መሬቱ ለእርሻ ባለው አቅም በ7 ደረጃ ይከፈላል፤ በተጨማሪ ለደን፣ ለዱር እንስሳትና ለመዝናኛ ያለው አቅም፣ አሁን ያለበትም አገልግሎት ለየብቻ በካርታ ይወጣል። የሚሸፈነው ስፋት ወደ 2.5 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር፣ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ከእጥፍ በላይ ነው። ካርታዎቹን መሥራትስ ይቻላል። እነሱን ደርቦ “ለስንዴ የሚመች ሆኖ አሁን ደን የለበሰ መሬት የት የት አለ? ስንት ሄክታር?” ለሚለው ጥያቄ በእጅ መልስ ለመስጠት ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሠራተኞች ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ቶምሊንሰን ሐሳቡን ነገረው፤ ፕራትም ሥራውን ሰጠው።

ከአይ.ቢ.ኤም. ጋር የተሠራው ሥርዓት ትልልቅ ካርታ በከበሮ ላይ ጠቅልሎ መስመሮቹን የሚያነብ ስካነር ነበረው። የኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ ያን ጊዜ እጅግ ጠባብ ስለነበር መረጃው በማግኔት ቴፕ ላይ ይቀመጥ ነበር። ጋይ ሞርተን የተባለው የአይ.ቢ.ኤም. ባለሙያ በ1966 አንድ ብልሃት አመጣ፤ በመሬት ላይ ጎረቤት የሆኑ ቦታዎች በቴፑም ላይ እንዲቀራረቡ አገሪቱን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፍሎ በልዩ ቅደም ተከተል ቆጠራቸው። ይህ አቆጣጠር ዛሬም በመረጃ ቋቶች ውስጥ ይሠራል።

የካርታዎቹ ንብርብሮች በመሶብ ውስጥ እንደ ተደራረበ እንጀራ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ከላይ መርፌ ቢወጋ ከአፈሩ እስከ ደኑ ሁሉንም በአንድ መስመር ይበሳል። የቶምሊንሰን ሥርዓት የሠራው ይህንኑ ነው፤ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ መርፌውን ወግቶ ያገኘውን ቆጠረ። ስሙ ጂኦግራፊክ ኢንፎርሜሽን ሲስተም ተባለ፤ በአጭሩ ጂ.አይ.ኤስ.። ሥራው ከታሰበው በላይ ቢዘገይም በ1970ዎቹ መጀመሪያ መልስ ይሰጥ ጀመር።

በነዚያው ዓመታት በሌላም ቦታ ነገሩ ፈጠነ። በ1965 ሃዋርድ ፊሸር የተባለ አርክቴክት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ግራፊክስ ቤተ ሙከራ አቋቁሞ በተራ የጽሑፍ ማተሚያ ካርታ የሚያወጣ ፕሮግራም አሰራጨ፤ ጥላው የሚጠቁረው ፊደል በፊደል ላይ ደግሞ በመምታት ነበር። እዚያ የተማረው ጃክ ዳንጀርመንድ ከባለቤቱ ከላውራ ጋር በ1969 ካሊፎርኒያ ውስጥ ኤስሪ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ1982 ያወጡት አርክኢንፎ ጂ.አይ.ኤስ.ን ከመንግሥት ቤተ ሙከራ አውጥቶ ለገበያ አበቃው። ጁላይ 23 ቀን 1972 ደግሞ የመጀመሪያው የላንድሳት ሳተላይት መጠቀ። በየ18 ቀኑ ወደዚያው ቦታ እየተመለሰ ምድርን ፎቶ ያነሳ ነበር።

በዚህ ሁሉ መካከል የኢትዮጵያ ሰሜን ተራበ።

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ዝናቡ መክዳቱን፣ ከብቱ ማለቁን፣ የገበያው እህል መወደዱን ከየአውራጃው ይሰበስብ ነበር። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ለለጋሾች ጥሪ አቀረበ። የመጣው መልስ ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ነበር፤ አገሪቱን የሚመራው መንግሥትም የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በዓል ለማድመቅ ተጠምዶ ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የሕዝብ ቆጠራ አካሂዳ ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ እንዳላት አወቀች። ዓለም የተንቀሳቀሰው ግን በጥቅምት 1977 ዓ.ም. የኮረም ምስል በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል። መረጃው ነበር፤ ተሰብስቦ በአንድ ካርታ ላይ ተሥሎ “ይህ ወረዳ፣ በዚህ ወር” ብሎ ለመካድ በማይመች መልክ አልቀረበም። ቢቀርብስ ይሰማ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ ገና አልተዘጋም።

በ1985 የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅት ፊውስ የተባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አቋቋመ። መሠረቱ የአየር ጠባይ ሳተላይት ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይውጣል፤ ለሰው ዓይን የማይታየውን ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን ብርሃን ያንጸባርቃል። የናሳው ተመራማሪ ኮምፕተን ታከር በሁለቱ ልዩነት የአንድን አገር ልምላሜ ከሰማይ መለካት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። በየ10 ቀኑ የሚወጣው ምስል ካለፉት ዓመታት አማካይ ጋር ሲነጻጸር የበልጉ ቡቃያ የቀረበት ቦታ ቡናማ ሆኖ ይታያል። በላዩ የገበያ ዋጋና የኑሮ ዘዬ ካርታ ይደረባል፤ የአርብቶ አደሩና የቋሚ ተክል አብቃዩ ችግር አንድ አይደለምና።

መሣሪያውና መረጃውም ለብዙ ሰው እየቀረበ መጣ። ሜይ 2 ቀን 2000 አሜሪካ ቦታን በሳተላይት የሚያመለክተውን የጂፒኤስ ሲግናል ሆን ብላ ማደብዘዟን አቆመች፤ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ስሕተት ከ100 ሜትር ገደማ ወደ ጥቂት ሜትሮች ወረደ። ከ2002 ጀምሮ አላስካ ውስጥ ጋሪ ሸርማን የጀመረው ኪውጂስ የተባለ ነፃ ሶፍትዌር ፈቃድ ለመግዛት ለማይችሉ መሥሪያ ቤቶችና ተማሪዎች በር ከፈተ። በ2008 ደግሞ የላንድሳት ምስሎች ክምችት በሙሉ በነፃ ተለቀቀ፤ ከዚያ በፊት አንዱ ምስል 600 ዶላር ያህል ይሸጥ ነበር።

ካርታና ሥልጣን ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ብራዚል አሳይታለች። በ2004 የአገሪቱ የሕዋ ምርምር ተቋም የአማዞንን ጭፍጨፋ በሳተላይት እየተከታተለ በፍጥነት የሚያሳውቅ ሥርዓት ጀመረ። በዚያ ዓመት የተጨፈጨፈው ደን 27,772 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ፖሊሶች በካርታው እየተመሩ ወደ ጫካው ዘለቁ፤ ከ2008 ጀምሮ ጭፍጨፋ የበዛባቸው አውራጃዎች በስም ዝርዝር ወጡ፣ ሕግ ለማያከብር ባለመሬትም የባንክ ብድር ተከለከለ። በ2012 ቁጥሩ 4,571 ደረሰ። ሳተላይቱ መብረሩን ሳያቆም ፖለቲካው ሲለወጥ ጭፍጨፋው ተመልሶ አሻቀበ፤ በ2019 ተቋሙ ያወጣውን ቁጥር ፕሬዚዳንቱ አልቀበልም አሉ፤ የተቋሙ ኃላፊም ከሥራ ተነሡ።

በኦክቶበር 2010፣ ከከባዱ የመሬት መንቀጥቀጥ 9 ወር በኋላ፣ ኮሌራ ሄይቲ ገባ። ቢያንስ ለ100 ዓመት በዚያች አገር አልታየም ነበር። ፈረንሳዊው የወረርሽኝ ተመራማሪ ሬኖ ፒያሩ ከሄይቲ ባልደረቦቹ ጋር በየቀኑ የታመሙትን በየወረዳው እየመዘገበ በካርታ አወጣ። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከሚርባሌ ከተማ ወጣ ባለች ሜዬ በተባለች መንደር፣ ከተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ሠፈር በታች ተገኙ። ቀጥሎ በሽታው መንገድ ተከትሎ ቀስ ብሎ አልሄደም፤ ወንዙ በሚጨርስበት በአርቲቦኒት ሜዳ ባሉ ወረዳዎች በአንድ ጊዜ ፈነዳ። የወንዙ መስመር ሲደረብበት ነገሩ ግልጽ ሆነ፤ ከሠፈሩ የወጣ ቆሻሻ ወንዙን በክሎታል። ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የሄይቲን ሕዝብ ይቅርታ የጠየቁት በዲሴምበር 2016 ነው። በሶሆ ከማስረጃው እስከ እርምጃው የነበረው አንድ ሌሊት ነበር፤ እዚህ 6 ዓመት ሆነ።

ሶማሊያ የባሰ ነው። ፊውስ ከኦገስት 2010 ጀምሮ ዝናቡ እንደሚቀርና ቀውስ እንደሚመጣ አስጠንቅቆ ነበር። ረሃቡ በይፋ የታወጀው ጁላይ 20 ቀን 2011 ነው። በዚያ ቀውስ ወደ 260,000 ሰው አለቀ፤ ከግማሽ በላዩ ከ5 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ነው። በ1977 ዓ.ም. ካርታው በቅጡ አልነበረም ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል። በ2011 ግን ካርታው በየጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ጦርነቱና የለጋሾች ማመንታት እጀታውን ይዘው ቆዩ።

በጎውም ተከትሎ መጣ፤ መነሻውም ኢትዮጵያ ነበረች። ዲሴምበር 17 ቀን 2012 ኦሮሚያ ውስጥ የዓለም አቀፉ የትራኮማ ካርታ ፕሮጀክት የመጀመሪያ ቡድኖች ወደ ገጠር ወጡ። ትራኮማ ደጋግሞ የዓይን ቆብን ሲያቆስል ፀጉሩ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ብሌኑን ይፍቃል፤ በየገጠሩ እናቶች ወረንጦ ይዘው የሚነቅሉት ያንን ፀጉር ነው። ፍቱን መድኃኒት አለ፤ አምራቹ ፋይዘር በነፃ ይሰጣል። ያልታወቀው የት የት መሄድ እንዳለበት ነበር። ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 10 በመቶና ከዚያ በላዩ ምልክቱ ከታየባቸው ለወረዳው ሕዝብ በሙሉ ቢያንስ ለ3 ዓመት መድኃኒት ይሰጣል፤ 10 በመቶ ካልደረሰ ሌላ መላ ነው። ይህንን ሳያጣሩ መድኃኒት መላክ አይቻልም።

አንዱ ባለሙያ የዓይን ቆብ እየገለበጠ ይመረምራል፤ ሌላው ውጤቱን፣ የቤቱን የጂፒኤስ ነጥብ፣ ውሃው ምን ያህል እንደሚርቅና መጸዳጃ ቤት መኖሩን በስልክ ይመዘግባል። በኦሮሚያ ብቻ 79 ጥናቶች ተካሄዱ፤ በአብዛኞቹ በሽታው ከገደቡ በላይ ሆኖ ተገኘ። በአማራ ክልል ከካርተር ሴንተር ጋር የሚሠራው ዘመቻ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ስለነበር ልምዱ አገር ውስጥ ነበር። ፕሮጀክቱ በጃንዋሪ 2016 ሲያበቃ በ29 አገሮች 2.6 ሚሊዮን ሰው ተመርምሯል፤ በአማካይ በየ40 ሴኮንዱ አንድ ሰው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ከሁሉ የከበደውን ሸክም እንደተሸከመች ታወቀ፤ መድኃኒቱም በዚያው ልክ መጣ። በዚህ ትረካ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከካርታ ወደ ሰው እጅ በአጭር መንገድ የደረሰው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ውሳኔው ከምርመራው በፊት ተወስኖ ነበር። ቁጥሩ ይህን ያህል ከሆነ ይህ ይደረጋል ተብሎ አስቀድሞ ተፈርሟል።

በዚያው በ2012 የግብርና ሚኒስቴርና የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የአገሪቱን አፈር ለምነት በካርታ ማውጣት ጀመሩ። ገበሬው ለአሥርት ዓመታት የሚያውቀው ዳፕና ዩሪያ የተባሉትን ማዳበሪያዎች ነበር። ከየቦታው የተሰበሰበው አፈር ሲመረመር ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ በብዙ ቦታ አንሶ ተገኘ፤ የሚገባው ማዳበሪያ ተለወጠ፣ የማዳበሪያ መደባለቂያ ፋብሪካዎችም ተተከሉ። ኋላ የተደረጉ የማሳ ሙከራዎች ግን በበርካታ ቦታዎች ቅይጡ የተጠበቀውን ያህል ምርት እንዳልጨመረ አሳዩ። ናሙና በተወሰደባቸው ነጥቦች መካከል ያለውን መሬት ሶፍትዌሩ በስሌት ነው የሚሞላው። በኢትዮጵያ ደጋ ደግሞ አንዱ ገበሬ ከቁልቁለቱ ላይ፣ ጎረቤቱ ከታች ረባዳው ላይ ሆነው አፈራቸው ሰማይና ምድር ሊሆን ይችላል። ካርታው ያልረገጠውን ማሳም በእኩል ድፍረት ያቀልማል፤ ስለዚህ ማሳው ላይ መሞከር የማይቀር ሥራ ነው።

ናይጄሪያ በ2012 በዓለም ከተመዘገቡት 223 የፖሊዮ ሕሙማን 122ቱን ይዛ ነበር። ክትባቱ ነበረ፤ ከታቢው ነበረ። ከታቢዎች የሚመሩት በእጅ በተሣሉ የሰፈር ካርታዎች ሲሆን በእነዚያ ላይ ጭራሽ ያልተሣሉ መንደሮች ነበሩ። የሳተላይት ምስል ተዘርግቶ በሰሜኑ ክልሎች ያለው መንደር ሁሉ አንድ በአንድ ተነቀሰ፤ ከታቢዎች ጂፒኤስ ያለው ስልክ ያዙ። ማታ ማታ ያለፉበት መንገድ በካርታው ላይ ይወጣል፤ ያልተረገጠው መንደር ለነገ ይቀጠራል። ታጣቂው ቡድን ቦኮ ሐራም በያዛቸው የቦርኖ አካባቢዎች ሰው ሊገባ ባልቻለበት ጊዜ የትኛው መንደር አሁንም ሰው እንዳለበት ከምስል ይገመት ነበር። ኦገስት 25 ቀን 2020 አፍሪካ ከተፈጥሯዊው የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ።

በ2021 ጎግል በአፍሪካ 516 ሚሊዮን ሕንፃዎችን ከሳተላይት ምስል በማሽን ለይቶ ለሕዝብ ክፍት አደረገ፤ ጎጆም ሆነ የቆርቆሮ ቤት ተቆጥሯል። በእንግሊዝ አገር የሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ከመንገድ፣ ከሌሊት መብራትና ከድሮ ቆጠራ ጋር ደርበው በየ100 ሜትሩ ስንት ሰው እንደሚኖር ይገምታሉ። ክዳኑ ሥር ስንት ልጅ እንዳለ፣ ስንቱ እንደተወለደ፣ ስንቱ በግጭት ተፈናቅሎ ሌላ ቦታ እንደተጠለለ ግን ከሰማይ አይታይም። ሦስተኛው የኢትዮጵያ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነበር። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ይቆጠር ይላል። ለአራተኛው የቆጠራ ካርታ ተሠርቶ፣ ታብሌት ተገዝቶ ሳለ ደጋግሞ ተራዘመ፤ እስከ 2024 መጨረሻ ድረስም አልተካሄደም። ለአንድ ወረዳ ስንት ጠርሙስ ክትባት እንደሚላክ ሲታቀድ መነሻው ዛሬም ከዚያ ከ1999ኙ ቆጠራ የተሰላ ትንበያ ነው።